አያቴ ያየው ባቡር

ከአያቴ ጋር በሕይወቴ አንዴ ብቻ ነው የተጣላሁት። ያጣላን ባቡር ነው።

ያደግኩት ኢሉባቦር፣ ጎሬ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ስለ ትራንስፖርት ሲያስተምሩ፣ በእኛ ክፍለ ሀገር የባቡር ሐዲድ የሚባል ነገር የለም አሉን። ቤት ስገባ አባባ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። አያቴን አባባ ነው የምንለው። የተማርኩትን ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ማነው ባቡር የለም ያለህ? እኔ በነዚህ ዓይኖቼ አይቼዋለሁ። ጋምቤላ ላይ። እንጨት እየበላ፣ ጭስ እየተፋ፣ ውሃውን እየቀደደ ሲመጣ!»

ሳቄ አመለጠኝ። ባቡር ውሃ ላይ አይሄድም አልኩት። ይባስ ብዬ አክስቴን ጠርቼ ነገርኳት፤ እሷም ሳቀች። አባባ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈኝ። ቡና ሳቀርብለት ሲኒውን ከእጄ አይቀበልም። «እዚያ አስቀምጠው» ይለኛል።

በሦስተኛው ቀን ታረቅን። ስለ ባቡሩ ግን ድጋሚ አላነሣንም። እኔ በልቤ «ሽማግሌው ተምታቶበታል» ብዬ ዘጋሁት። አባባ ያረፈው እኔ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ነው።

አሁን ትራንዚተር ነኝ፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ የማስጨርስ። ሞጆ ደረቅ ወደብ እና አዲስ አበባ መሀል ስመላለስ ነው የምውለው። ሥራዬ ቢኤል (የመርከብ ጭነት ሰነድ)፣ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ)፣ ዲመሬጅ (ዕቃ ሲዘገይ የሚከፈል ቅጣት) ነው። ስለ መርከብ ቀኑን ሙሉ አወራለሁ፤ መርከብ ግን አላይም። እና የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የካርቱምን ጦርነት ሸሽተው አዲስ አበባ የገቡ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ለዕቃ ጉዳይ ቢሮ መጡ። የኮስቲ ሰው ናቸው፤ ነጭ ዓባይ ዳር ነው ያደጉት። ሻይ አስመጣሁና ወሬ ጀመርን። በአረብኛና በተሰባበረ አማርኛ ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ፣ ወንዙ ላይ ስለሚመጣው «ባቡር» ነገሩኝ። ባቡሩ ሲመጣ ልጆች እየዋኙ ይቀበሉት እንደነበር።

«ባቡር? ወይስ መርከብ?» አልኳቸው።

«ባቡር!» አሉ፤ በእጃቸው የውሃ ቀዘፋ እያሳዩኝ።

ብርጭቆውን አስቀመጥኩት። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ተሳስቶ የኖረው አባባ ሳይሆን እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃሉ ከጣልያኖቹ «ቫፖሬ» የወጣ ነው፤ እንፋሎት ማለት ነው። በአረብኛ አልፎ ባቡር ሆኖ እኛ ጋ ደረሰ። በቱርክ አገር እስከ ዛሬ ሰው የሚያሻግረውን ጀልባ «ቫፑር» ነው የሚሉት። ለድሮ ሰው በእንፋሎት የሚሠራ ነገር ሁሉ ባቡር ነው። መርከቡም ባቡር፣ በሐዲድ የሚሄደውም ባቡር፣ እህል የሚፈጨውም ሞተር ባቡር። እስቲ አስቡት፣ የአዲስ አበባ ጅቡቲው ለምንድነው «ምድር ባቡር» የተባለው? «ምድር» የሚለውን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ኖሬ ለምን እንደገባ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ባቡር ሌላ ቦታም ስለሚሄድ ነዋ!

ከዚያ ቀን በኋላ ባገኘሁት ክፍተት ሁሉ ስለ ጋምቤላ ማንበብ ጀመርኩ። ለትራንዚተር ደግሞ ከዚህ የሚጥም ታሪክ የለም። ምክንያቱም ነገሩ ከውል ነው የሚጀምረው።

ውሉ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው የተፈረመው። (አዎ፣ ግንቦት 7። የ97ቱ ምርጫ ቀን። አጋጣሚ ነው።) ዳግማዊ ምኒልክ እና የእንግሊዝ መንግሥት የሱዳንን ድንበር ሲካለሉ የፈረሙት ነው፤ በእንግሊዝ በኩል ሃሪንግተን ነበር። አንደኛው አንቀጽ ላይ ምኒልክ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ፣ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለሱዳን መንግሥት ያከራያሉ ይላል። ልኩም ተጽፏል፤ የወንዙ ዳር ርዝመት ከ2000 ሜትር አይበልጥም፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር አይበልጥም። ለፖለቲካ ወይም ለጦር ሥራ አይውልም። ኪራዩ የሚጸናው ደግሞ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነው።

ይቺን የመጨረሻዋን ሐረግ ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። ሌላ ሰው 99 ዓመት ብሎ ይፈርማል። እዚህ ላይ ግን ማብቂያ ቀን የለም፤ ማብቂያ ሁኔታ ነው ያለው። ተከራዩ ጌታውን ሲቀይር ውሉ ያልቃል። በዕለት ሥራዬ ስንት ውል አገላብጫለሁ፤ እንዲህ በአንድ መስመር ራሱን የሚዘጋ ብዙ አላየሁም። በኋላም እንደተጻፈው ነው የሆነው፤ እመለስበታለሁ።

ቦታው ሲመረጥ ኢታንግ ቀረና ከዚያ ወደ ላይ ያለው ጋምቤላ ተያዘ። ለምን ባሮ? ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱት ትልልቅ ወንዞች በሙሉ ሸለቆ እየቆፈሩ፣ ገደል እየዘለሉ ነው የሚሄዱት። ዓባይን ማን መርከብ ያስኬድበታል? ባሮ ግን ብርብርና ገባ ተገናኝተው ከሠሩት በኋላ ከገደሉ ወርዶ ሜዳ ላይ ይተኛል። ከጋምቤላ ጀምሮ እስከ ድንበሩ ጅካዎ፣ ከዚያ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ሆኖ በናስር በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ፏፏቴ የለበትም። ማላካል አጠገብ ነጭ ዓባይ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ካርቱም ድረስ ቀጥ ነው። ከ1300 ኪሎ ሜትር በላይ የውሃ መንገድ። ከካርቱም ደግሞ በሐዲድ ፖርት ሱዳን። የጎሬ ቡና በዚህ መንገድ ነበር ቀይ ባሕር የሚደርሰው።

መንገዱን የኢትዮጵያ ጦር ከእንግሊዝ መርከቦች በፊት ያውቀዋል። ደጃዝማች ተሰማ ናደው፣ በኋላ ራስ የሆኑት፣ በሰኔ 1890 ዓ.ም. ከሠራዊታቸው ከፍለው የላኩት ጦር ሶባት ነጭ ዓባይ ውስጥ እስከሚገባበት ድረስ ወርዶ ነበር። የፈረንሳይ ተልዕኮ ሰዎችና አርታሞኖቭ የሚባል አንድ ሩሲያዊ ኮሎኔል አብረውት ነበሩ። ጦሩን ግን በሽታው ፈጀው፤ ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ያን ሁሉ አገር በእግር!

ወደ መርከቦቹ ልግባ። የሱዳን መንግሥት መርከቦች ናቸው። ሆዳቸው ጠፍጣፋ ነው፤ ብዙ ውሃ አይፈልጉም። ከኋላ እንደ ውሃ ወፍጮ መዘውር ያለ ትልቅ ቀዛፊ ጎማ አላቸው። ጭነቱ ዋናው መርከብ ላይ ሳይሆን ጎንና ጎን በታሠሩ ሞተር አልባ ጀልባዎች ላይ ነው የሚጫነው። የሚያነዱት እንጨት ነው። በየወንዙ ዳር እንጨት ተቆርጦ ተከምሮ የሚጠብቅበት ጣቢያ አለ፤ መርከቡ እየቆመ እየጫነ ነው የሚመጣው። አባባ «እንጨት እየበላ» ያለኝ ቅኔ መስሎኝ ነበር። ያየውን ነው የነገረኝ።

የሚያመጡት ከሁሉ በላይ ጨው ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ ጨው እንደ ወርቅ ነበር፤ አሞሌው ከሰሜን እስኪደርስ ዋጋው ሰማይ ይነካል። የፖርት ሱዳን ጨው በመርከብ ሲመጣ ነገሩ ተቀየረ። ከጨው ቀጥሎ አቡጀዲ ነው። ጠገራ ብርም በሣጥን ሆኖ ይመጣ ነበር፤ ቡና ገዥው ያለ ጠገራ ገበሬውን አያናግረውማ። የሚወስዱት ቡና፣ ሰም፣ ቆዳ። ግሪኮችና ሶርያዎች ጋምቤላም ጎሬም ሱቅ ከፍተው ነበር። እንግሊዝ ጎሬ ላይ ቆንስላ እስከ መክፈት ደርሳለች። ያቺ ዛሬ አውቶቡስ ለምሳ እንኳ የማይቆምባት ጎሬ!

ሰውም ይመጣበት ነበር። ላምቢ የሚባለው አሜሪካዊ ሐኪም፣ በኋላ አዲስ አበባ ጉለሌ ላይ ሆስፒታል የሠራው፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚህ በኩል ነው። የኅዳር በሽታ አገሩን ሲፈጅ የሳዮው ገዥ ከሱዳን አስጠሩት፤ በጋምቤላ አድርጎ ሳዮ ወጣ። ሳዮ የዛሬው ደምቢ ዶሎ ነው።

የትራንዚተር ጭንቅላቴን የበጠበጠው ግን የጊዜው ነገር ነው። ባሮ ዓመቱን ሙሉ መርከብ አይችልም። የሚሞላው ደጋው ላይ ዝናብ ሲወርድ ነው፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ግድም። ከዚያ ይጎድልና አሸዋው ይወጣል። እሺ፣ ቡና መቼ ነው የሚለቀመው? ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ልክ መርከቡ ሲሄድ ቡናው ይደርሳል! መርከቡ ሲመለስ ደግሞ ክረምት ነው፤ የኢሉባቦርን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በቅሎ ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዷ ትገባለች። ስለዚህ ቡናው በበጋ ወርዶ ጋምቤላ መጋዘን ውስጥ ተከምሮ መርከቡን ለወራት ይጠብቃል። ነጋዴው ብሩ መጋዘን ውስጥ ተኝቶበት ይከርማል ማለት ነው። የመርከብ አዛዦቹም የራሳቸው ጭንቀት ነበራቸው። ጥቅምት ላይ ትንሽ የዘገየ ሰው ውሃው ይቀድመውና አሸዋ ላይ እስከ ሚቀጥለው ክረምት ሊቀመጥ ይችላል። እኔ አንድ ኮንቴይነር ሦስት ሳምንት ቢቆይብኝ እንቅልፍ አጣለሁ።

አባባ የዚህ ሁሉ መጨረሻ ጫፍ ላይ ነበር። የአጋሰስ ነጂ ልጅ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ከአጎቱ ጋር ከጎሬ ቡና ይዞ ይወርድ ነበር። ከሞተ በኋላ እናቴ ነች ቁርጥራጩን የነገረችኝ። አንዲት በቅሎ አምስት ስድስት ፈረሱላ ትሸከማለች። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ቡና ነጋዴ እስከ ዛሬ በሱ ነው የሚያወራው። ከጎሬ በኢሉባቦሩ ቡሬ አድርገው ጋምቤላ አምስት ቀን። ጎሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ነው፣ ጋምቤላ ከ500 ብዙ አይበልጥም። እያንዳንዱ ቀን እየሞቀ፣ እየሞቀ ነው የሚሄደው።

የሚፈሩት ሁለት ነገር ነው። ለሰው ንዳድ፣ ለከብት ገንዲ። ገንዲው በቅሎውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ብዙው ጭነት ከቡሬ በታች በሰው ጫንቃ ነበር የሚወርደው። አጎትየው ለአባባ አንድ ትእዛዝ ነበር የሚሰጡት ትላለች እናቴ፤ «ጭነቱን አራግፍ፣ ጨውህን ተቀበል፣ ሳይመሽ ዳገቱን ያዝ። ጋምቤላ አታድርም።» ደገኛው ቢንቢዋ እንደሆነች አያውቅም፤ አየሩ ነው የሚገድለው ብሎ ነው የሚያስበው። መፍትሔው ግን ያው ነው፤ አለማደር።

አባባ አንድ ቀን ትእዛዙን ጣሰ። በበጋ እንጂ በክረምት ስለማይወርዱ ያን የሚወራለትን ባቡር አይቶት አያውቅም ነበር። አንድ ዓመት ግን በሰኔ የቀረ ጭነት ለማድረስ ወረዱ፤ መርከቡ ነገ ይደርሳል ተባለ። እሱ ጭነቱን አራግፎ ጠፋ። ወንዙ ዳር ዛፍ ሥር አደረ። ጠዋት ባቡሩ መጣ። አጎቱ ሁለት ጊዜ ነው የገረፉት ትላለች እናቴ፤ አንዴ እዚያው፣ አንዴ ደግሞ ጎሬ ደርሰው ንዳዱ ሲነሣበት።

እንዲህ ተከፍሎበት የታየ ባቡር ነው እኔ የሳቅኩበት።

የቀረውን በአጭሩ ልበለው። ጣሊያን ገባ፣ ጋምቤላንም ያዘ። በ1933 ዓ.ም. የቤልጂየም ኮንጎ ወታደሮች በሱዳን በኩል ይህንኑ የወንዝ መንገድ ይዘው መጡ። ሳዮ ድረስ ወጥተው ሰኔ 26 ቀን ጄኔራል ጋዜራን ከነጦሩ ማረኩት። የኮንጎ ሰው ደምቢ ዶሎ ላይ ጣሊያንን ሲማርክ! እዚያ ያደጉ ሰዎች እንኳ ስነግራቸው ደንግጠው ያዩኛል። ከድሉ በኋላ መርከቦቹ ንግዱን ቀጠሉ፤ ግን ጊዜው እያለፈባቸው ነበር። ምድር ባቡሩ ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ገብቷል። መኪና መንገዱ በጅማ በኩል ወደ ምዕራብ እየቀረበ ነው። የጭነት መኪና ደግሞ ሰኔን አይጠብቅም።

ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃ ወጣች። ያቺ ሐረግ ትዝ ትላችኋለች? ተከራዩ ጌታውን ቀየረ። ጥቅምት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. የጋምቤላ ጣቢያ ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ ያለ ጥይት። ደቡብ ሱዳንም ጦርነት ውስጥ ገባ። ወንዙ እዚያው ነበር፤ የሚሄድበት ጠፋ እንጂ። ቡናችን ፊቱን አዙሮ አሰብና ጅቡቲ ሄደ።

ሰዉ «ወደብ ነበረን» ሲል አሰብንና ምጽዋን ነው የሚቆጥረው። ጋምቤላን የሚያነሣ ሰው በሥራዬ አጋጥሞኝ አያውቅም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስነግረው «መርከብ? ጋምቤላ? ቀልደኛ!» አለኝ። የአባባ ኩርፊያ ያኔ በደንብ ገባኝ። ልክ ነው፣ መርከቡ የእኛ አልነበረም፤ ጣቢያውም በእንግሊዝ እጅ ነበር። ወንዙ፣ ቡናውና ጫንቃው ግን የእኛ ነበር። ለመቆጠር ይህ ይበቃዋል ባይ ነኝ።

ባለፈው ነሐሴ ሥራ ጋምቤላ ወሰደኝ። ሥራውን በአንድ ቀን ተኩል ጨርሼ ከሰዓት በኋላውን ለአባባ ሰጠሁት። ባጃጅ ይዤ «የድሮ ወደብ» አልኩት፤ ልጁ ያውቀዋል፣ አልተከራከረኝም። ባሮ ሞልቶ ነበር። ቀለሙ የወተት ሻይ ነው። አኙዋኮች ኦፐኖ ነው የሚሉት። ከድልድዩ ላይ ሆኜ ሳየው ቀስ ያለ ይመስላል፤ አንድ ግንድ ተንሳፍፎ ሲያልፍ ግን በዓይኔ መከተል አቃተኝ።

ወደቡ ላይ ዝገት ነው ያለው። መሬት ውስጥ የተቀበረ ወፍራም ብረት፣ ግማሹ በሣር ተሸፍኗል። አንዱ ብረት ገመድ ሲታሠርበት ስለኖረ ወገቡ ላይ ተበልቶ ጎድጉዷል። ጣቴን ባስገባ ሙሉውን ዋጠው። ከታች ሁለት ልጆች ከአንድ ግንድ የተጠረበ ታንኳ ይዘው ዓሣ ያጠምዳሉ። አንዱ ቆሞ፣ ሌላው ተቀምጦ። ታንኳዋ ጠባብ ስለሆነች የቆመው ልጅ እግሮቹን አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ አድርጎ ነው የቆመው። አባባ ያደረበት ዛፍ የትኛው ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ትልልቅ ዛፎች ሞልተዋል። አንዱን መረጥኩና ሥሩ ተቀመጥኩ። ለማንኛውም የወባ ክኒኔን ውጫለሁ፤ ልብ አድርጉ።

እዚያው ሆኜ ለእናቴ ደወልኩላት፤ ጎሬ ነው ያለችው። አባባ ባቡሩን ያየበት ቦታ ላይ ነኝ ልላት ነው። ስልኩ ሲነሣ ጀርባው ላይ ትልቅ ጩኸት ነበር፤ ድምጿ አይሰማም።

«እማዬ፣ የት ነሽ?»

«ባቡር ጋ ነኝ፤ ጤፍ ላስፈጭ መጥቼ። ወረፋዬ ደርሷል፣ ቆይቼ ልደውልልህ!» አለችና ዘጋችው።